ፈንጂው ተነሣ፤ መሬቱስ?

ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ የሚያሸተው ፈንጂውን ራሱን አይደለም። ፈንጂው ከመሬት በታች በፕላስቲክ ወይም በብረት ልባስ ታሽጎ ተቀምጧል። የውሻው አፍንጫ ዘንድ የሚደርሰው በልባሱ ስንጥቅና በመገጣጠሚያው በኩል ሾልኮ፣ ልባሱ ፕላስቲክ ከሆነም በፕላስቲኩ ውስጥ እየሰረገ ወጥቶ አፈር የገባው ኬሚካል ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ውሻውን የሚጠራው ፈንጂው የሚሞላበት ቲኤንቲ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት አብሮት የቀረው ዲኤንቲ የሚሉት ጉድፍ ነው፤ ከቲኤንቲ ይልቅ ቶሎ ይተናልና። ታንዛንያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ ለፈንጂ ፍለጋ የሚሠለጥኑት ትልልቅ አይጦች የሚከተሉትም ይህንኑ ሽታ ነው። የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቁት፣ የፈንጂ ትነት ደርሶት ሌዘር ሲበራበት የሚያንጸባርቅ ባክቴሪያ የተሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው። የዚህ ሁሉ ጥበብ መሠረቱ አንድ ነው፤ ፈንጂ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይሰርጋል።

ለአምካኞች ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዓይን የማያየውን ያገኙበታል። ለገበሬው ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ፈንጂው ተነሥቶ፣ ውሻው መኪና ላይ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ሽታው የወጣበት አፈር እዚያው ነው። ይታረሳል፣ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከላዩ ጠርጎ ወደ ኩሬ ይወስደዋል። መሬቱ ለነዋሪው ሲመለስ የሚፈረመው ሰነድ የሚለው ይህን ያህል ስፋት ያለው ቦታ እስከዚህ ጥልቀት ተፈትሾ፣ የተገኘው ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ተወግዷል ነው። ለእግር የተጻፈ ሰነድ ነው። ስለ ጉበት፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ጤፍ ሥር የሚናገረው የለም።

እኛ ጉዳዩን ከሩቅ የምንሰማ ሕዝብ አይደለንም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጅጅጋ ዙሪያና ኦጋዴን፣ በደርግ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ሰሜኑ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም ደግሞ ከባድመ በዛላምበሳ አድርጎ እስከ ቡሬ ያለው ድንበር ፈንጂ ሲዘራበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በአገሪቱ የተካሄደው የፈንጂ ተፅዕኖ ጥናት 1,492 ማኅበረሰቦች፣ በውስጣቸውም 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ከችግሩ ጋር እንደሚኖር መዝግቧል። ከሁሉም የበረታው በአፋር፣ በሶማሌና በትግራይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ብዙ መሬት አጽድቷል፤ ሥራው በኋላ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ዞሯል። አገሪቱ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 ስታጸድቅ የተቀበሩትን እስከ 2015 አነሣለሁ ብላ ነበር፤ ቀኑ ወደ 2020፣ ከዚያም እስከ 2025 መጨረሻ ተገፋ። በመሐሉ ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት ትግራይን፣ አማራንና አፋርን በአዲስ ተተኳሽ ሞላቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መሬት መርዝ ሆኗል ማለት ነው? አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር የምፈልገው፣ «ፈንጂ ያለበት ቦታ የበቀለ እህል አይበላም» የሚል ወሬ ፈንጂው ራሱ ያልገደለውን ገበሬ ገበያ ላይ ሊገድለው ስለሚችል ነው። ብክለቱ አለ፤ ነገር ግን እንደ ዝናብ በየቦታው እኩል አልወረደም። የት እንደሚከማች የሚያውቅ ሰው ጥቂት ቦታ መርምሮ ብዙ ቦታ በሰላም ያሳርሳል። የማያውቅ ግን ወይ ሁሉንም ይፈራል፣ ወይ ሁሉንም ይረሳል። እስካሁን የሠራነው ሁለተኛውን ነው።

ከንጥረ ነገሮቹ እንጀምር። እዚህ አገር ከተቀበሩት ብዙዎቹ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ሥሪቶች ናቸው። ፒኤምኤን የሚባለው፣ የጎማ ክዳን ያለው ክብ ፀረ ሰው ፈንጂ ወደ 240 ግራም ቲኤንቲ ይይዛል። ቲኤም 57 የተባለው ፀረ ታንክ ፈንጂ ከ6 ኪሎ በላይ፤ አንዱ ከ25 ፒኤምኤን ጋር ይመዛዘናል ማለት ነው። ከአፈር ብክለት አንጻር ሲታይ እንግዲህ የሚያሰጋው ስሙ የከፋው ፀረ ሰው ፈንጂ ሳይሆን መንገድ ዳር የተጠመደው ትልቁ ነው።

ቲኤንቲን እ.ኤ.አ. በ1863 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩሊየስ ቪልብራንት ሲሠራው የታሰበለት አገልግሎት ቢጫ ማቅለሚያ ነበር። ማቅለሙን አልተወም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የጥይት ፋብሪካዎች ውስጥ ቲኤንቲ ሲሞሉ የዋሉ ሴቶች ቆዳቸውና ፀጉራቸው ቢጫ ሆኖ ሕዝቡ ካናሪ በምትባለው ቢጫ ወፍ ስም ይጠራቸው ጀመር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ጉበታቸው ተመርዞ የሞቱ አሉ። ቲኤንቲ ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ደም ያሳንሳል፣ ጉበት ይጎዳል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ውስጥ አስገብቶታል፤ ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውኃም ከ2 ማይክሮግራም በሊትር በላይ እንዳይሆን ይመክራል። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ብናሰላው ከአንድ ፒኤምኤን የሚወጣ 240 ግራም ቲኤንቲ 120 ሚሊዮን ሊትር ውኃ እስከዚህ ወሰን ያደርሳል።

በወረቀት ላይ ነው ያልሁት አውቄ ነው። ቲኤንቲ እንዲህ በቀላሉ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ አይወርድም። ከአፈር ጋር ይጣበቃል፤ በተለይ ብስባሽ የበዛበት አፈር አጥብቆ ይይዘዋል። የአፈር ተሕዋስያን ደግሞ ቀስ በቀስ ይለውጡትና የተለወጠው ኬሚካል ከብስባሹ ጋር ይተሣሠራል። ተክሎችም ቢሆኑ ቲኤንቲን በሥራቸው ይዘው ያስቀሩታል እንጂ እምብዛም ወደ ቅጠልና ወደ ፍሬ አይልኩትም፤ ጉዳቱ ሥሩን ማቀጨጩ ነው። በአንድ እርሻ ላይ እዚህም እዚያም ክብ ቦታ እየመረጠ እህል የሚቀጭጭ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው ፍንዳታው አፈሩን ገልብጦና ጠቅጥቆ ስለሚተወው፣ ሁሉንም በኬሚካል ማሳበብ አይገባም።

አርዲኤክስ ሌላ ጠባይ አለው። በሌላ ስሙ ሄክሶጅን የሚባለው ይህ ፈንጂ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ከቲኤንቲ ባነሰ መጠን ነው፤ ነገር ግን አፈር አይይዘውም። ዝናቡ ቀስ እያለ ካሟሟው በኋላ ከውኃው ጋር ቁልቁል ይወርዳል። በተክል ውስጥም ሥር ላይ አይቆምም፤ ወደ ቅጠሉ ይወጣል፤ ቅጠል የሚበላ ከብት ላለው ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሰውነት ሲገባ የሚያጠቃው ነርቭን ነው። በቬትናም ጦርነት ሲ4 የተባለውን ፕላስቲክ ፈንጂ የዋጡ የአሜሪካ ወታደሮች እንደ ሚጥል በሽታ እያንቀጠቀጣቸው ሐኪም ቤት ገብተዋል፤ ከሲ4 ክብደት 91 በመቶው አርዲኤክስ ነው። በአንድ ወቅት ለአይጥ መርዝነትም አገልግሏል።

ሲ4ን ያነሣሁት ለወታደሮቹ ታሪክ ብዬ አይደለም። የተቀበረ ፈንጂ ሲገኝ የተለመደው አሠራር አጠገቡ ሌላ ፈንጂ አስቀምጦ ባለበት ማፈንዳት ወይም ሰብስቦ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብሮ ማፈንዳት ነው። ማፈንጃው ብዙ ጊዜ እንደ ሲ4 ያለ፣ አርዲኤክስ ያለበት ነው። ስለዚህ ቲኤንቲ ብቻ የነበረበት ሜዳ ላይ አርዲኤክስን የሚያመጣው ማምከኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። ምን ያህል? የአሜሪካ ጦር የቀዝቃዛ አካባቢዎች ምርምር ላቦራቶሪ ሰዎች ይህን ለማወቅ ብልህ ዘዴ ተጠቀሙ፤ ተተኳሾችን በረዶ ላይ እያፈነዱ ነጩ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ ሰብስበው ለኩ። በትክክል የፈነዳ ነገር የሚተወው ከሚሊግራም ብዙ የማይዘል ሆኖ ተገኘ። በከፊል የፈነዳው ግን የያዘውን በግራምና ከዚያም በላይ፣ አንዳንዴ ቁርጥራጩን ሳይቀር መሬት ላይ ይበትናል። እርጥበት የገባው፣ ዝገት የበላው፣ ወይም ማፈንጃው በደንብ ያልተጠጋው አሮጌ ፈንጂ እንዲህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መሬቱን በሰንሰለት እየደበደቡ የሚያጸዱ ማሽኖችም ሁሉንም አያፈነዱም፤ ሰባብረው ከአፈሩ ጋር የሚያቦኩት አለ።

እንግዲህ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ይመስለኛል። ሰፊው ሜዳ ላይ ተራርቀው ከተቀበሩትና በሙሉ ከወጡት ፈንጂዎች የሚቀረው ጥቂት ነው። የሚከማቸው ተሰብስበው በፈነዱበት ጉድጓድ፣ በከፊል በፈነዱበት ነጥብ፣ በተሰባበሩበት መስመርና ልባሳቸው በበሰበሰበት ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከጦር ሜዳው ይልቅ የማጥፊያው ቦታ ይብሳል።

ለዚህ ከፈረንሳይዋ ቬርደን አጠገብ ካለው ጫካ የበለጠ ምስክር አላውቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ የታረሰው አካባቢ፣ ፈረንሳዮች ቀይ ቀጠና ብለው የከለሉት፣ ዛሬ አብዛኛው ደን ለብሷል። አንድ ቦታ ግን እስካሁን ራቁቱን ነው ሊባል ይችላል። ሰዎቹ «የጋዝ ቦታ» ይሉታል። ጦርነት የተካሄደበት ስፍራ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሆነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1920ዎቹ የመርዝ ጋዝ ተተኳሾች ተሰብስበው የተቃጠሉበት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ በታተመ ጥናት ከዚያ በተወሰደ አፈር ውስጥ አርሴኒክ እስከ 17 በመቶ ክብደት ደርሶ ተገኝቷል፤ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስም አብረው አሉ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ዝናብ ወርዶበት ማለት ነው። የተቀበረ ፈንጂ የጋዝ ተተኳሽ አይደለም፤ ይህን ያህል አርሴኒክም አይተውም። ትምህርቱ ግን አይለወጥም። ቬርደን ላይ ያጸዱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ገበሬውን ከሞት ለማዳን ሲጣደፉ አንድ ሥፍራ መሥዋዕት አደረጉ፣ የት እንደሆነም ትውልድ ሊረሳው ተቃርቦ ነበር።

ውኃን በተመለከተ ደግሞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ላይ ያለው የኤድዋርድስ ካምፕ አለ። ለአሥርተ ዓመታት የመድፍና የሞርታር ልምምድ ይደረግበት ነበር። ከሥሩ ያለው አሸዋማ መሬት የአካባቢው ሕዝብ ብቸኛ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። አርዲኤክስ ወርዶ ውኃው ውስጥ በመገኘቱ የአካባቢ ጥበቃው ድርጅት በ1997 የተኩስ ልምምዱን አስቆመ፤ ውኃውን እየሳቡ የማጣራቱ ሥራ ዓመታት ፈጅቷል። የጦር ኃይሉም፣ ገንዘቡም፣ ላቦራቶሪውም ያለበት አገር ነው ይህ የደረሰበት።

አሁን ወደ ራሳችን መሬት እንመለስ፤ የውጭውን ውጤት እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ ስለማይሆን። ቲኤንቲን ይዞ የሚያስቀረው ብስባሽ ነው ብለናል። የደጋ ገበሬያችን ግን እንጨት ሲያጣ ፍጉን ኩበት ጠፍጥፎ ያነደዋል፤ ወደ እርሻው መመለስ የነበረበት ብስባሽ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። አፈሩ በሣሣ ቁጥር መርዝ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይሣሣል። ቆላማው የሑመራ ዋልካ ሌላ ጠባይ አለው። ዋልካ ሲረጥብ ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ በበጋ ግን ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውኃው በአፈሩ ውስጥ እየተጣራ ሳይሆን በስንጥቁ ቁልቁል ይገባል፤ የያዘውንም ይዞ። ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ጎርፉ ፈንጂውን ራሱን ከተቀበረበት ነቅሎ ወደ ታች እንደሚወስድ የሰሜን ገበሬ አሳምሮ ያውቃል። ፈንጂ የሚወስድ ጎርፍ አፈር ላይ የተበተነ ቅሪት አይተውም።

በሶማሌ ክልል የምሰጋው ለብርካ ነው። ብርካ በዝናብ ጊዜ መሬት ለመሬት የሚፈሰውን ውኃ አጠራቅሞ ለበጋ የሚያቆይ በስሚንቶ የተለበጠ ጉድጓድ ነው፤ ሰውም ከብትም ከእሱ ይጠጣሉ። ከርሰ ምድር የሚወርደው ውኃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ጥቂትም ቢሆን ይጣራል። የብርካ ውኃ ግን የሜዳው ገጽ እጣቢ ነው። ከላዩ በኩል የፈንጂ ማፈንጃ ጉድጓድ ከነበረ፣ ያ ብርካ ከሁሉ በፊት መመርመር አለበት። ኬፕ ኮድ ላይ የተደረገውን ያህል ጥናት አይጠይቅም፤ ጎርፉ ከየት ወደየት እንደሚሄድ የሚያውቅ አንድ እረኛ መጠየቅ ነው።

ይህን የአፈርና የፈንጂ ጉዳይ ቀድመው ሥርዓት ካስያዙት ሳይንቲስቶች አንዷ ከሰሜኑ ድንበር ማዶ የተወለደች መሆኗ አይገርምም። አስመራ ተወልዳ በአስመራ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ የተማረችው አስመረት አሰፋው በርኸ በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መርሴድ ፕሮፌሰር፣ በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ደግሞ የሳይንስ ቢሮ ኃላፊ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጽሑፍ ፈንጂ መሬትን የሚያራቁትባቸውን መንገዶች ስትዘረዝር ሰው መሬቱን እንዳይጠቀም መከልከሉን፣ ብዝኀ ሕይወት መጥፋቱን፣ የመሬቱ ገጽ መቆፋፈሩን፣ የኬሚካል ብክለቱንና የምርት መቀነሱን አንስታለች። እኔን የሚስበኝ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ፈንጂ አንዱን ሜዳ ሲዘጋ ሰዉና ከብቱ ቀሪው ላይ ይጨናነቃል፤ የተረፈው ተዳፋት ይታረሳል፣ ይላጫል። ብዙ ዓመት ጦም ያደረው የፈንጂ ሜዳ ደግሞ ሣርና ቁጥቋጦ አብቅሎ አፈሩ ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ ፈንጂ የነበረበት መሬት ከጎረቤቱ የተሻለ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የማጥፊያው ጉድጓድ የት እንደነበረ እስከታወቀ ድረስ።

ምርመራው ከባድ አይደለም ወይ ለሚል ሰው፣ መልሱ አዎም አይደለምም ነው። ከባድ የሚያደርገው የቅሪቱ አበታተን ነው። የፈንጂ ቅሪት በእህል ፍሬና በአሸዋ መጠን ተበትኖ ስለሚገኝ አንድ እፍኝ አፈር በኪሎ በሺህ የሚቆጠር ሚሊግራም ሲያሳይ፣ ከእሱ አንድ እርምጃ ርቆ የተወሰደው ምንም ላያሳይ ይችላል። ከአንድ ነጥብ አፈር ወስዶ «መሬቱ ንጹሕ ነው» ማለት ከጎተራ አፍ አንድ እፍኝ አይቶ ነቀዝ የለም እንደማለት ነው። ስለዚህ የሚመከረው ከአንድ ቦታ ውስጥ ከ30 እስከ 100 ከሚደርሱ ነጥቦች ትንሽ ትንሽ ወስዶ፣ ቀላቅሎና አድቅቆ መመርመር ነው። ቀላል የሚያደርገው ደግሞ ለመጀመሪያው ማጣሪያ ውድ መሣሪያ አለማስፈለጉ ነው። አፈሩ በአሴቶን ይታጠባል፣ በፈሳሹ ላይ የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ቲኤንቲ ካለ ቀይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አጠራጣሪው ብቻ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የእርሳስና የሜርኩሪ ጉዳይ፣ ከፈንጂ ቀስቃሾች የሚመጣው፣ በመጠን አነስተኛ ስለሆነ እዚህ አላቆያችሁም፤ መድፍና ታንክ የተቃጠለበት ቦታ ላይ ግን እሱም አብሮ ይታይ።

ከተገኘስ ምን ይደረጋል? በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የሚገኘው የዩማቲላ የጦር መሣሪያ መጋዘን ለዓመታት የቦምብ እጣቢ ሲያፈስበት የነበረውን አፈር በ1990ዎቹ ያከመው በፍግ ነው። የተበከለውን አፈር ከከብትና ከዶሮ ፍግ፣ ከአልፋልፋ፣ ከድንች ተረፈ ምርትና ከሰጋቱራ ጋር ከምሮ፣ እያገላበጠ አብላላው፤ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ሠርተው ቲኤንቲውን ከብስባሹ ጋር አሠሩት። ኮምፖስት ማዘጋጀት በየቀበሌው የሚያስተምሩ የግብርና ሠራተኞች ላሉት አገር ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ አርዲኤክስ የሚበላ ባክቴሪያን ዘረ መል ሣር ውስጥ አስገብተው፣ ኒውዮርክ ውስጥ ባለ የጦር ካምፕ ተክለው ሣሩ መርዙን እንደሚያፈርስ በ2021 አስታውቀዋል። ይህኛው ለእኛ ጊዜው ገና ነው። ፈንጂ የፈነዳበትን ጉድጓድ አጥሮ፣ ፍግ አፍስሶ፣ የሚበላ ነገር ሳይሆን ዛፍ መትከል ግን ዛሬ ይቻላል።

ሕጉ እምብዛም አያግዝም። የኦታዋ ስምምነት አካባቢን የሚያነሣው አገሮች ፈንጂ የሚያጠፉባቸውን ቦታዎችና የሚከተሉትን የደኅንነትና የአካባቢ መመዘኛ እንዲያሳውቁ ሲጠይቅ፣ እንዲሁም ቀነ ገደብ ይራዘምልን የሚል አገር መዘግየቱ በአካባቢ ላይ የሚያመጣውን እንዲያስረዳ ሲያዝዝ ነው። ከጸዳ በኋላ አፈሩ ይለካ የሚል አንቀጽ የለውም። ዓለም አቀፉ የፈንጂ ሥራ መመዘኛ በ07.13 ቁጥሩ ስለ አካባቢ ጥበቃ ይናገራል፤ መሬቱ ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ እንዲተው ይፈልጋል። መልካም ቃል ነው። በረኃብና በመፈናቀል መካከል ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከገንዘቡ ጋር ሲመጣ ብቻ ነው። ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ዓለም ስለ ጥቁሩ የስንዴ አፈር መቆሸሽ ብዙ ማውራት ጀምሯል፤ የአፋርና የዛላምበሳ አፈርም ከዚያ ወሬ ድርሻውን ቢጠይቅ ያምርበታል።

«ቀድሞ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ያልተነሣ ፈንጂ ልጅ እየገደለ ስለ ማይክሮግራም ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እስማማለሁ፤ ማንም በአፈር ምርመራ ሰበብ ማምከኑን ማዘግየት የለበትም፤ የተፈናቀለ ገበሬም ላቦራቶሪ እስኪመልስለት ከእርሻው ውጭ መቀመጥ የለበትም። የምጠይቀው ሥራውን የሚያስቆም ነገር አይደለም። አምካኙ ቡድን ፈንጂ ያፈነዳበትን እያንዳንዱን ጉድጓድ በጂፒኤስ ይመዝግብ፤ በከፊል የፈነዳውንም ለይቶ ይጻፍ። መዝገቡ በጦሩ ቢሮ ታሽጎ አይቅር፣ መሬቱ ሲመለስ ግልባጩ ለወረዳው ግብርናና ለውኃ ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ፣ አዲስ ብርካ ከማሠራቱ በፊት ያንን ካርታ ይመልከት። ላቦራቶሪው ጥቂት ናሙና ብቻ የመመርመር አቅም ካለው፣ ጥቂቱን የት እንደሚያውለው ያውቃል።

ቀድሞ ለጸዱት ቦታዎች ግን መዝገብ ፍለጋ መሄድ ያለብን ወደ ሰው ነው። በጅጅጋ፣ በባድመ፣ በዛላምበሳ፣ በቡሬ አካባቢ የምትኖሩ፣ አምካኞቹ ፈንጂ እየሰበሰቡ ሲያፈነዱ ያያችሁ ሽማግሌዎችና እረኞች ቦታውን ለቀበሌያችሁ የግብርና ሠራተኛ አሳዩ። እዚያ ላይ ጎመንና ድንች አትትከሉ፣ የከብት ሣር አትጨዱ፣ የውኃ ጉድጓድም አታስቆፍሩ። ቢጫ ወይም ቡኒ፣ ሳሙና የመሰለ ቁራጭ ከአፈሩ ወጥቶ ካያችሁ አትንኩት፣ አታቃጥሉትም፤ ለፖሊስ ንገሩ።